ክሩ ሳይቆረጥ፦ መስገጃን በራስ ንድፍ መስፋት



ባለፈው ክረምት ለእረፍት ወደ ቤት ስገባ አያቴን ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሰግድ አገኘኋት። ጉልበቷ ሲሚንቶውን አልችል ብሏል። ቤታችን ያለው መስገጃ ከገበያ የተገዛ ስስ ምንጣፍ ነው። ሁለቱን ደርባ ሞክራለች፤ ብርድ ልብስ አጥፋም ሞክራለች። የተደረበው ሁሉ ግን ገና ለሱጁድ ስትወርድ ከስሯ ይንሸራተትባታል። «በወንበር መስገዱ ጥፋት የለበትም፤ አላህ ገር አድርጎልናል። ግን ግንባሬ መሬት ናፈቀው» አለችኝ።

እናቴ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር አላት። ወፈር ያለ፣ አንድ ላይ የተሰፋ፣ የማይንሸራተት መስገጃ እሠራልሻለሁ ብዬ ለአያቴ ቃል ገባሁ። የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ምን ያቅተኛል ብዬ ነው። ከስልኬ ላይ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ መረጥኩ፤ ጨርቁ ላይ ሃያ አራት ቦታ ሳልኩትና አንድ በአንድ ሰፋሁት። አንዱን ስጨርስ ክር ቆርጬ ወደሚቀጥለው እዘላለሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን የተቆረጡት ክሮች መተርተር ጀመሩ፤ መሃል ያስገባሁት ጥጥ ወደ ጥግ ሸሽቶ ተጠቀለለ፤ ዳርና ዳሩም እንደ ጀልባ ወደ ላይ ተነሳ። እናቴ አገላብጣ አየችውና «አንቺ ኮከቡን ነው የሳልሽው፤ መርፌዋ የምትሄድበትን መንገድ አልሳልሽም» አለችኝ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መንገድ ነው። ዶርም ውስጥ የስፌት መኪና እንደሌለ አውቃለሁ። ነገር ግን ከሥራው ትልቁ ክፍል የሚያልቀው በወረቀት፣ በእርሳስና በኮምፓስ ነው፤ እሱን ከፈተና በኋላ ባለች አንድ ቅዳሜ አልጋችሁ ላይ ተቀምጣችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። መኪናው ለእረፍት ስትገቡ ቤት ይጠብቃችኋል። ቤት መኪና ከሌለም፣ ንድፉ ያለቀለትን ሥራ ይዞ የሰፈር ልብስ ሰፊ ዘንድ መሄድ «እንዲህ ያለ ነገር ስፋልኝ» ብሎ በእጅ አየር ላይ ከመሳል ይሻላል።

ሶስት ድርብ፣ አንድ ስፌት

እንግሊዝኛው ኩዊልቲንግ የሚለው ሥራ ቀላል ሐሳብ ነው። ከላይ ጨርቅ፣ ከታች ጨርቅ፣ መሃል ላይ ሙቀት ወይም ልስላሴ የሚሰጥ ነገር ይደረግና ሶስቱም አንድ ላይ ይሰፋሉ። የብርድ ጃኬታችሁን እዩት፤ በየተወሰነ ርቀት የሚያልፈው ስፌት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ መሃል ያለው እንዳይሸሽ ይዞታል። በእኛ ሀገር «ድሪቶ» ሲባል ወዲያው ድህነት ይታሰበናል፤ ግን ያረጀን ጨርቅ ደራርቦ ጠንካራ ነገር ማውጣት በብዙ ሀገር የተከበረ ሙያ ነው። የቤንጋል ሴቶች ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው በእጅ የሚሰፉት ካንታ ከዚሁ የተነሳ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተቴ ጥጡ ነበር። የተበተነ ጥጥ መሃል ላይ ከገባ ስፌቱ ጠጋ ጠጋ ማለት አለበት፤ አለዚያ በመስመሮቹ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ውስጥ ይንከባለላል። የኔ ኮከቦች ሆድ ደግሞ ከ11 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ባዶ ሜዳ ነበር። አንድ ወጥ የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ያረጀ ብርድ ልብስ ቢገባ ይህ ችግር የለም፤ ብርድ ልብስ ራሱ ተያይዞ የተሠራ ነውና አይሸሽም። በሁለተኛው ሙከራዬ የገባው የታናሽ ወንድሜ ብርድ ልብስ ነው። (ፈቃዱን ጠይቄያለሁ፤ ማለት ይቻላል።)

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ይከብዳል። የስፌት መኪና ሁለት ክር ይጠቀማል፤ አንዱ ከላይ በመርፌዋ ይመጣል፣ ሌላው ከታች ከቦቢኑ ይወጣል። ሁለቱ ጨርቁ መሃል ላይ እየተቆላለፉ ይሄዳሉ። መስመሩ እስከቀጠለ ድረስ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል፤ በተቆረጠበት ቦታ ግን የሚይዘው የለም። አንድ ኮከብ ለብቻው ሲሰፋ መነሻው ላይ ሁለት፣ መድረሻው ላይ ሁለት የክር ጫፍ ይተዋል። አራት በሃያ አራት ስታባዙት ዘጠና ስድስት የተንጠለጠለ ክር ነው። በየቀኑ አምስት ጊዜ ጉልበት የሚያርፍበት፣ በየሳምንቱ የሚታጠብ ጨርቅ ላይ ዘጠና ስድስት መፈቻ በር ከፍቼ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር የመኪናው ክንድ ነው። የቤት መኪና ላይ በመርፌዋና በቀኝ ባለው ቋሚ ብረት መሃል ያለው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አንድን ኮከብ ዙሪያውን ለመስፋት ጨርቁን ሙሉ ክብ ማዞር ያስፈልጋል። ጨርቁ መሐረብ ቢሆን ቀላል ነበር። ብርድ ልብስ የገባበትን የአንድ ሜትር መስገጃ በዚያች ጠባብ ቦታ ሃያ አራት ጊዜ ጠቅልሎ ማዞር ግን ትግል ነው፤ ትግል ላይ ያለ እጅ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አይሰፋም።

እርሳስ ሳታነሱ

ልጅ ሆነን እርስ በርስ የምንፈታተንበት ጨዋታ ነበር፤ እርሳስ ሳታነሳ፣ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ሳትሄድበት ሳል። ካሬ ሳሉና ውስጡን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለት መስመር አቋርጡት፤ ፖስታ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ብትሞክሩ አይቻልም። ከላዩ ላይ እንደ ቤት ጣሪያ ሁለት መስመር ብትጨምሩበት ግን ይቻላል! መስመር ጨምሮ ነገሩ መቅለሉ ያኔ ያስገርመኝ ነበር።

ምክንያቱን ያስቀመጠው የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ በ1730ዎቹ እ.ኤ.አ.። ኮኒግስበርግ በምትባለው፣ ዛሬ የሩሲያዋ ካሊኒንግራድ በሆነችው ከተማ ሰባት ድልድዮች ነበሩ። ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ከተማዋን መዞር ይቻል እንደሆነ ተጠየቀ፤ አይቻልም አለ፤ ለምን እንደማይቻልም አሳየ። ቁጥሩ ቀላል ነው። መስመሮች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ በገባችሁ ቁጥር መውጣት አለባችሁ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጉብኝት ሁለት መስመር ይበላል። ከአንድ ነጥብ የሚነሱት መስመሮች ጎዶሎ ከሆኑ፣ ያ ነጥብ ወይ መነሻ ወይ መድረሻ መሆን ግድ ይለዋል። መነሻና መድረሻ ሁለት ብቻ ናቸውና ጎዶሎ ነጥቦች ከሁለት ከበለጡ አይቻልም። የፖስታው አራት ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው ሶስት መስመር አላቸው፤ አራት ጎዶሎ ነው፣ አለቀ። ጣሪያው ሲጨመር የላይኞቹ ሁለቱ አራት አራት ይሆናሉ፤ ጎዶሎዎቹ ሁለት ብቻ ይቀራሉ። ሁሉም ነጥብ ሙሉ ቁጥር ከሆነና ምስሉ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ከየትኛውም ቦታ ተነስታችሁ፣ ሁሉንም ሄዳችሁ፣ እዚያው መነሻችሁ ላይ ታበቃላችሁ።

«መርፌ» የሚለውን ቃል «እርሳስ» በሚለው ቦታ አስገቡት። እናቴ ያለችኝ ይኸው ነው፤ እሷ ኦይለርን አታውቀውም፣ ክር ግን ታውቃለች።

አሁን ሙስሐፋችሁን ስትከፍቱ የምታዩትን ምልክት አስቡ፤ የሒዝብ ሩብ ሲጀምር የሚቀመጠው፣ ሁለት ካሬዎች የተደራረቡበት ባለ ስምንት ጫፍ ቅርጽ። ቁርኣን 60 ሒዝብ፣ እያንዳንዱም አራት ሩብ ነውና ሩቦቹ 240 ናቸው፤ ዓይናችን ይህን ቅርጽ ምን ያህል እንደለመደው ከዚህ ገምቱ። ሁለት ካሬ ስለሆነ እርሳስ አንድ ጊዜ መነሳት ያለበት ይመስላል። ቁጠሩት። ስምንቱ የውጭ ጫፎች ሁለት ሁለት መስመር አላቸው፤ ካሬዎቹ የሚቋረጡባቸው ስምንት ነጥቦች አራት አራት። ሁሉም ሙሉ ነው! አንዱን ካሬ ስትሄዱ መቋረጫው ላይ ወደ ሌላው ታጥፋችሁ ከገባችሁ ሁለቱንም በአንድ ክር ትጨርሷቸዋላችሁ።

ለሒሳብ ዲፓርትመንት ልጆች አንድ ጉርሻ፦ ክብ ላይ ስምንት ነጥብ አድርጋችሁ አንዱን እያለፋችሁ ሁለተኛውን ብታገናኙ ሁለት ካሬ ይወጣል፤ ሁለቱን እያለፋችሁ ሶስተኛውን ብታገናኙ ግን አንድ ያልተቋረጠ ኮከብ ይወጣል። ስምንትና ሁለት የጋራ አካፋይ አላቸው፣ ስምንትና ሶስት ከአንድ በቀር የላቸውም። ስድስት፣ አስርና አስራ ሁለት ነጥብ ላይ ሞክሩት።

ረድፉ እንደ ወንዝ

ለመስገጃው የኮከቡን ዙሪያ ብቻ እንወስዳለን፤ ውስጡን የሚያቋርጡትን መስመሮች እንተዋቸዋለን። ዙሪያው 16 አጫጭር መስመሮች አሉት፤ ስምንት ወደ ውጭ የወጡ ጫፎችና ስምንት ወደ ውስጥ የገቡ ማዕዘኖች። ኮከቦቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የአንዱ ቀኝ ጫፍ የሚቀጥለውን ግራ ጫፍ ይንካ፤ ከላይና ከታችም እንዲሁ። በመሃላቸው የሚቀረው ባዶ ቦታ ሳትስሉት መስቀለኛ ቅርጽ ይሆናል። በድሮ የኢራን ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ ያሉት የኮከብና የመስቀለኛ ንጣፎች ከዚሁ ዝምድና ናቸው።

የሚያስደስተው እዚህ ላይ ነው። ኮከቡን እንደ አንድ የተዘጋ ነገር አትዩት፤ የላይኛው ግማሽና የታችኛው ግማሽ ብላችሁ ክፈሉት። ከመጀመሪያው ኮከብ ግራ ጫፍ ተነሱ። የመጀመሪያውን በላይኛው ግማሽ ሂዱ፤ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ሳትታጠፉ ቀጥ በሉ፤ መስመሩ ራሱ የሁለተኛውን ታችኛ ግማሽ ያስይዛችኋል። ከዚያ የሶስተኛው ላይ፣ የአራተኛው ታች። ዳር ስትደርሱ ታጠፉና ተመለሱ፦ የአራተኛው ላይ፣ የሶስተኛው ታች፣ የሁለተኛው ላይ፣ የመጀመሪያው ታች። መነሻችሁ ላይ ናችሁ፤ አራት ኮከብ፣ አንድ ክር።

በሁለቱ ኮከቦች መገናኛ ላይ ቀጥ ብሎ ማለፉ ሌላም ጥቅም አለው። የኮከብ ጫፍ ላይ መኪናውን አቁሞ ማጠፍ ብዙ ጊዜ ጫፉን ያደነድነዋል፤ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ሲቋረጡ ግን ጫፎቹ በራሳቸው ስለታም ሆነው ይወጣሉ። በዚህ መንገድ ስትሄዱ ደግሞ መርፌዋ ከግራ ወደ ቀኝ በምትጓዝበት ጊዜ ወደ ኋላ የምትመለስበት አንድም ቦታ የለም። ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ወደ ጎን ትሄዳለች፣ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ በጭራሽ ወደ ግራ አትዞርም። ስለዚህ ጨርቁን ቢበዛ ግማሽ ክብ ወዲህና ወዲያ ማወዛወዝ ይበቃል። ሙሉ ዙር የለም። ከመኪናው ክንድ ጋር የነበረው ትግል አበቃ ማለት ነው።

መላውን መስገጃስ በአንድ ክር መስፋት ይቻላል? ሒሳቡ ይቻላል ይላል። ኮከቦቹ በጫፍ በጫፋቸው ስለሚነካኩ እያንዳንዱ መገናኛ አራት መስመር አለው። የአንዱን ኮከብ ታችኛ ጫፍ ስታልፉ ቀጥ ብላችሁ ወደ ታችኛው ረድፍ ትገባላችሁ፤ ያንን ረድፍ ዞራችሁ እዚያው ጫፍ ላይ ስትመለሱ ያቋረጣችሁትን ትቀጥላላችሁ። በወረቀት ሞክሩት፣ ደስ ይላል። ጨርቅ ላይ ግን አልመክርም። ድርብ ጨርቅ ሲሰፋ ትርፉ ወደ ዳር እየተገፋ መሄድ አለበት፤ ስለዚህ ከመሃል ረድፎች ጀምሮ ወደ ውጭ በየረድፉ መሄድ ይሻላል። ስድስት ረድፍ፣ ሃያ አራት የክር ጫፍ። ከዘጠና ስድስት ጋር አወዳድሩት።

ወረቀቱ

የሚሠራው መስገጃ ሲያልቅ 70 በ110 ሴንቲ ሜትር ነው። ኮከቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በወርዱ አራት፣ በቁመቱ ስድስት ይገባል። በጎንና በጎን 5፣ በራስጌና በግርጌ 10 ሴንቲ ሜትር ዳር ይተርፋል።

ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ሳሉ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት መስመር፣ ከጎን መሃል ወደ ጎን መሃልም ሁለት መስመር አስምሩ። ኮምፓሱን 7.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታችሁ መሃሉ ላይ ተክላችሁ ክብ አዙሩ፤ ክቡ መስመሮቹን ስምንት ቦታ ያገኛቸዋል። አንዱን እያለፋችሁ ሁለተኛውን በማስመሪያ አገናኙ። ሁለቱ ካሬዎች ወጡ፤ የውጭ ዙሪያቸውን በእስክሪብቶ አድምቁት። እያንዳንዷ አጭር መስመር 3.1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለባት። ኮምፓሱን በአንዷ ልክ ከፍታችሁ አስራ አምስቱን ፈትሿቸው፤ አንዷ እንኳ ከተለየች ስህተት አለ።

እዚህ ላይ ሰነፍ አትሁኑ። እኔ መጀመሪያ ከስልክ የገለበጥኩት ኮከብ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር። አንድ ኮከብ ላይ አይታይም፤ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ስትደርሱ ግን ጫፍ ከጫፍ ጋር አይገናኝም። «ለዓይን ልክ ነው» እና «ልክ ነው» የተለያዩ መሆናቸው የቆየ ክርክር ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረው የሒሳብ ሊቅ አቡል ወፋ አል ቡዝጃኒ (940–998 እ.ኤ.አ.) የእጅ ባለሙያ ከጂኦሜትሪ ስለሚያስፈልገው ነገር መጽሐፍ ጽፏል። ከባለሙያዎችና ከጂኦሜትሪ ሰዎች ጋር በአንድ ጉባኤ ተቀምጦ ሶስት እኩል ካሬዎችን ቆራርጦ አንድ ትልቅ ካሬ ስለማድረግ እንደተነጋገሩ ይተርካል። አንዳንዶቹ ባለሙያዎች ያቀረቡት አቆራረጥ ሲታይ የገጠመ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን አይገጥምም። እሱም የሚገጥመውን አሳያቸው። የመጽሐፉ ደግነት ግን ባለሙያውን በማስረጃ ብዛት አለማስጨነቁ ነው፤ በማስመሪያና በኮምፓስ እንዴት እንደሚሠራ ያሳየዋል፣ ያ ነው።

ኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ ያለው የንድፍ ጥቅል ደግሞ 29.5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን 114 ንድፎችን ይዟል። ብዙዎቹ ንድፎች ሙሉውን ግድግዳ አያሳዩም፤ የሚደጋገመውን አንድ ቁራጭ ብቻ ነው የሚሰጡት። ኮምፓሱና ማስመሪያው ያለፉባቸው ረዳት መስመሮችም በቀለም ሳይሆን በጫሪ ብቻ ወረቀቱ ላይ ተጭረው ይታያሉ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦ ክቡና ረዳት መስመሮቹ በስሱ በእርሳስ ይቅሩ፣ መርፌዋ የምትሄድበት ብቻ በእስክሪብቶ ይድመቅ። ቀስትና ቁጥርም ጻፉበት፤ አንድ ላይ፣ ሁለት ታች እያላችሁ።

ከወረቀት ወደ ጨርቅ

ለዚህ የሚያስፈልገው ሚስጥር ክር የሌላት መርፌ ናት። አራት ወረቀት ደራርባችሁ ንድፉ ያለበትን ከላይ አድርጉ፤ በአግራፍ ወይም በእስፒል ያዙት፤ ከመኪናው ላይ ክሩን ከላይም ከታችም አውጡና በባዶ መርፌ ዙሪያውን ስፉት። አራት እኩል የተበሳሱ ኮከቦች ይወጡላችኋል። ጫፍ ከጫፍ ገጥማችሁ በፕላስተር ስታያይዟቸው 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአንድ ረድፍ ንድፍ ሆነ። (ለዚህ ሥራ ያረጀ መርፌ ተጠቀሙ፤ ወረቀት መርፌን ያዶለዱማል።)

የክፍል ጠመኔ ፈጭታችሁ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቋጥሩት። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አንጥፋችሁ በካልሲው መታ መታ፣ ጠረግ ጠረግ አድርጉት። ወረቀቱን ስታነሱ ነጠብጣብ ኮከቦች ጨርቁ ላይ ተቀምጠዋል። ለነጭ ጨርቅ ባለቀለም ጠመኔ ይሁን። ከሰል አትጠቀሙ፣ አይለቅም፤ እስክሪብቶማ ጭራሽ አይታሰብ። ዘዴው የኔ ፈጠራ አይደለም፤ የኢዝኒክ ሸክላ ሰዓሊዎች በኦቶማን ዘመን አበባዎቻቸውን ወደ ሸክላ የሚያሻግሩት በተበሳሳ ወረቀትና በከሰል ዱቄት ነበር። እነሱ ከሰል ቢጠቀሙ እሳቱ ያጠፋዋል፤ የእኛ መስገጃ እቶን አይገባም።

አንዴ የተበሳው ወረቀት ለብዙ መስገጃ ያገለግላል። ጠመኔው ግን ሲነካካ ይጠፋል፤ ሁሉንም ረድፍ በአንድ ጊዜ አታትሙ፤ አንድ ረድፍ አትማችሁ ስፉ፣ ከዚያ ቀጣዩን።

መስፋቱ

የላዩን ጨርቅ 80 በ120፣ መሃሉንና የታችኛውን 85 በ125 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፤ ስፌቱ ጨርቁን ስለሚሰበስበው ትርፉ ያስፈልጋል። በመጨረሻ ወደ 70 በ110 ይስተካከላል። ለታችኛው ሻካራ ነገር ምረጡ፤ እኔ ወፍራም አቡጀዲ አደረግሁ። የሚያንሸራትት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከስር ከሆነ የአያቴ ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሶስቱን ወለል ላይ አንጥፋችሁ ከመሃል ወደ ዳር በእጅ በረጃጅሙ ወስውሷቸው፤ መዳፍ መዳፍ ያህል በሚራራቁ መስመሮች። ይህን የዘለልኩት ጊዜ ነው መስገጃዬ ጀልባ የሆነው። መኪናው የታችኛውን ጨርቅ በጥርሱ ይገፋል፤ የላይኛውን ግን እግሩ ተጭኖ ያስቀረዋል። ካልተወሰወሰ ታችኛው ቀድሞ ይሄዳል፣ ላይኛው ይሸበሸባል። መቸኮል ካለባችሁ መርፌ ቁልፍ መደርደርም ይሠራል፤ ብቻ መርፌዋ እንዳታገኘው።

መርፌዋ ወፈር ትበል፤ 90 ወይም 100 ቁጥር። የስፌቱ ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ይህን ያልኩት በምክንያት ነው፤ እያንዳንዷ መስመር 3.1 ሴንቲ ሜትር ናትና አስር ስፌት ስትቆጥሩ ማዕዘኑ ላይ ናችሁ። ጠመኔው ቢጠፋ እንኳ ቁጥሩ ይመራችኋል። ማዕዘን ላይ መርፌዋን ጨርቁ ውስጥ እንደወረደች ተዉአት፤ እግሩን አንሱ፣ ጨርቁን አዙሩ፣ እግሩን መልሱ። ወደ ውጭ በወጣው ጫፍ ላይ 90 ዲግሪ፣ ወደ ውስጥ በገባው ላይ 45 ዲግሪ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው የሚዞረው። መላው መስገጃ ላይ ወደ 340 ገደማ መታጠፊያ አለ። ብዙ ነው፤ አልዋሻችሁም። ከአስረኛው በኋላ ግን እጅ ይለምደዋል፤ እኔ በአንድ ረድፍ መሃል ዚክር እያልኩ ሳላስበው መጨረሴ ትዝ ይለኛል።

አንድ ረድፍ ሁለት ሜትር ያህል ስፌት ብቻ ነው። ረድፉን ከመጀመራችሁ በፊት ቦቢኑ ውስጥ ስንት ክር እንደቀረ እዩ፤ ረድፍ መሃል ላይ ክር ካለቀ ያ ሁሉ ሒሳብ ከንቱ ነው። መነሻውም መድረሻውም ላይ መዳፍ ያህል ክር ትታችሁ የላዩን ወደ ታች ስባችሁ ቋጥሩት፤ ከዚያ በእጅ መርፌ ሁለቱን ድርቦች መሃል አስገብታችሁ ቅበሩት።

የክሩ ቀለም ላይ ከእህቴ ጋር ተከራክረናል። እሷ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ወርቃማ ክር ትላለች። እኔ ከጨርቁ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም መረጥኩ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ባለው ልብስ ሰግደው ጥለቱ ሐሳባቸውን ስለሳበው ልብሱ ለአቡ ጀህም እንዲወሰድና በምትኩ ጥለት የሌለው እንዲመጣላቸው አድርገዋል። ቀለሙ ተመሳሳይ ሲሆን ኮከቡ ለዓይን ሳይሆን ለእጅ ነው የሚታወቀው፤ ሱጁድ ስትወርዱ መዳፋችሁ ስር ትዳስሱታላችሁ። እህቴ አልተቀበለችኝም፤ ለራሷ በወርቃማ ትሠራለች፣ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው ብያታለሁ።

አያቴ አዲሱን መስገጃ የዘረጋችው በመግሪብ ሰዓት ነው። አልተንሸራተተም። ጉልበቷ አሁንም ወንበር የሚጠይቅበት ቀን አለ፤ ብርድ ሲበረታ በተለይ። በሌሎቹ ቀናት መሬት ወርዳ ትሰግዳለች፤ ስትነሳ እጇን ለሚይዛት ሰው ትጣራለች። ኮከቦቹን ግን አላየቻቸውም። አቡጀዲው በኩል ይለሰልሳል ብላ ገልብጣ ነው የምትሰግድበት፤ እኔ ለስር ብዬ የመረጥኩት ሻካራ ጨርቅ በእጥበት ብዛት ለስልሶ ኖሯል።

የተበሳው የአንድ ረድፍ ወረቀት በጀመዓችን ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ፣ በጥቅል ተቀምጧል። ከላዩ ላይ አንጥፋችሁ መገልበጥ ትችላላችሁ፤ ጠመኔውን ግን ይዛችሁ ኑ።